የሕዝብ ገንዘብ በግል ደጅ፤ ለመሆኑ «የሕዝብ» የሚባለው የማን ነው?

አንድ መንግሥት ከዜጎቹ ሁሉ የሰበሰበውን ገንዘብ ለአንድ ባለሱቅ ሰጥቶ፣ «በደጅህ ላይ ለሁሉም የሚያገለግል ነገር ትከልበት» ቢለው፣ የተተከለው ነገር የማን ይሆናል? የባለሱቁ ነው? የመንግሥት ነው? ወይስ ግብሩን የከፈለው የሕዝቡ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሒሳብ ሠራተኞች የሚጨርሱት ተራ ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የፍትሕን፣ የአማናንና የጋራ ሀብትን ነገር አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ከውድ አንባቢያን ጋር ልወያይበት የወደድኩት ይህንኑ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በነዳጅ ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በዓለም ላይ እየበዙ መጥተዋል። እነዚህ መኪናዎች እንደ ሞባይል ስልክ ቻርጅ መደረግ አለባቸው። ግቢ ያለው ሰው ማታ ከቤቱ ይሰካል፤ ጠዋት ሞልቶ ያገኘዋል። ግቢ የሌለው ወይም ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ግን እንደ ነዳጅ ማደያ ያለ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የቻርጅ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ይህን ጣቢያ ለሚተክሉ ባለሱቆች፣ ባለሆቴሎች፣ ባለማደያዎችና ኩባንያዎች ከወጪያቸው ከፊሉን መልሰው የሚከፍሉ መንግሥታት አሉ። ለምሳሌ እንዲሆነን የአሜሪካዋን የካሊፎርኒያ ግዛት እንውሰድ።

የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ካልቪፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የተመላሽ ክፍያ ፕሮግራም ጀመረ። ሥራው መጀመሪያ በፍሬዝኖ አውራጃ ተከፈተ፤ በ2018 ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። በደቡቡ ፕሮጀክት ለአንድ ፈጣን ቻርጀር የሚመለሰው ገንዘብ እስከ 70 ሺህ ዶላር፣ በድህነትና በአየር ብክለት ክፉኛ በተጎዱ ሰፈሮች ደግሞ እስከ 80 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥትም ቢሆን ወደኋላ አላለም። በኖቬምበር 2021 የጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ ለቻርጅ ጣቢያዎች 7.5 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ከዚህ ውስጥ 5 ቢሊዮኑ በክፍለ ግዛቶች በኩል በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ እንዲውል ሲሆን፣ ከወጪው እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የፌዴራሉ ካዝና ይሸፍናል። በ2022 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ በዝቅተኛ ገቢ አካባቢዎችና ከከተማ ውጭ ለሚተክል ነጋዴ እስከ 30 በመቶ፣ ለአንድ ቻርጀር እስከ 100 ሺህ ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ ፈቀደ። ይህ የመጨረሻው ቅናሽ ከጁን 30 ቀን 2026 በኋላ አገልግሎት ለሚጀምር ጣቢያ እንዳይሠራ በ2025 በወጣ ሕግ ተወስኗል።

«ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን? እኛ ያለነው የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ነው» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አይፈረድበትም። ሆኖም በሁለት ምክንያት ያገባናል። አንደኛ፣ በአሜሪካ ከተሞች ታክሲ እያሽከረከሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉና እዚህ ያሉ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ የጣቢያው ነገር የእንጀራቸው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ አገራችን ራሷ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ የኤሌክትሪክን መንገድ መርጣለች። በሎስ አንጀለስ የተነሳው ጥያቄ በመገናኛና በመርካቶ መነሳቱ አይቀርም።

የደጋፊዎች ክርክር

ከሁሉ በፊት ተመላሽ ክፍያውን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉትን በቅንነት እንስማ። የመጀመሪያው ክርክራቸው «ዶሮ ይቅደም ወይስ እንቁላል?» የሚባለው ዓይነት ነው። ጣቢያ ከሌለ መኪናውን የሚገዛ የለም፤ መኪናው ከሌለ ደግሞ ጣቢያ የሚተክል ነጋዴ የለም። ሁለቱም እርስ በርስ ሲጠባበቁ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ አንድ ሰው መጀመሪያ ኪሳራውን መሸከም አለበት፤ ያም መንግሥት ነው ይላሉ። ለዚህ ኖርዌይን ይጠቅሳሉ። ኤኖቫ የተባለው የኖርዌይ መንግሥት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በዋና ዋና መንገዶች ላይ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ቻርጀር እንዲተከል ድጎማ መስጠት ጀመረ። በ2024 በዚያች አገር ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ከ10ሩ 9ኙ ያህሉ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ትልቁ ምክንያት ለመኪናዎቹ የተሰጠው የቀረጥ ነፃነት ቢሆንም፣ በመንገድ ላይ ጣቢያ ባይኖር ኖሮ ግን ያ ሁሉ ሰው ደፍሮ ባልገዛ ነበር።

ሁለተኛው ክርክራቸው የጭስ ነው። ጭስ አጥር አያውቅም፤ ቢሆንም ከሁሉ በላይ የሚታፈነው ከአውራ ጎዳና ዳር፣ ከወደብና ከመጋዘን አጠገብ የሚኖረው ድሃ ነው። ሀብታሙ የነዳጅ መኪናውን ትቶ የኤሌክትሪክ ሲነዳ ከጭሱ የሚያርፈው የድሃው ሳንባ ነው ይላሉ። ሦስተኛም አላቸው፤ ስልክም ሆነ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የገባው በባለጠጋ ቤት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ለሁሉም ደረሰ። እንግዲህ ዛሬ ለጥቂቶች የሆነውን ሁሉ «ኢፍትሐዊ ነው» ብለን ብንከለክል ኖሮ ዛሬም በኩራዝ ነበርን ማለታቸው ነው።

እነዚህ ክርክሮች ቀላል አይደሉም። በተለይ ሁለተኛው ልብን የሚነካ ነው። ይሁን እንጂ ከእነሱ በተቃራኒ የቆመው እውነትም እንዲሁ ቀላል አይደለም።

ገንዘቡ ወደ ማን ሄደ?

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ኢኮኖሚስቶች የሆኑት ሴቨሪን ቦረንስታይንና ሉካስ ዴቪስ በ2016 በታተመ ጥናታቸው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዙ ሰዎች ከተሰጠው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ የሄደው በገቢው ከላይ ወዳለው አንድ አምስተኛ የሕዝብ ክፍል መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ስለ መኪናው እንጂ ስለ ጣቢያው አይደለም። ነገር ግን ጣቢያው መኪናውን ይከተላል፤ ነጋዴ ቻርጀር የሚተክለው ደንበኛ ባለበት ነውና። በ2021 የታተመ ሌላ የካሊፎርኒያ ጥናትም ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች በሚበዙባቸው ሰፈሮች የሕዝብ ቻርጀር የማግኘት ዕድል ዝቅተኛ መሆኑን፣ ልዩነቱም ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሕንፃ በሚኖርባቸው አካባቢዎች ይበልጥ ጎልቶ እንደሚታይ ገልጿል። ልብ በሉ! ግቢ የሌለው ሰው ነው የሕዝብ ጣቢያ አብዝቶ የሚያስፈልገው፤ ጣቢያው የራቀውም ከእሱ ነው።

በካሊፎርኒያ ታክሲ የሚሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አለ። የሚኖረው በአፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ በስልክ ስንጫወት እንዲህ አለኝ፦ «ግቢ ያለው ሰው ማታ ተኝቶ በርካሽ ይሞላል፤ እኔ ግን ሱብሒ ሰግጄ ሮጬ በውድ እሞላለሁ። ወረፋው ሲደርሰኝ አንዱ ይበላሻል።» የእርሱ ምሬት ምንጩ ግልጽ ነው። የፈጣን ቻርጀር ዋጋ ከቤት ቆጣሪ ዋጋ ይበልጣል። ዕቃው ውድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያውም ብዙ ጊዜ ጣቢያውን የሚያስከፍለው በተጠቀመው መጠን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሳበው ከፍተኛ ኃይል ልክ ጭምር ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኃይል ገዝተው፣ ባለቤት የሆነው ጥቂት፣ ተከራዩ ብዙ ይከፍላሉ። ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጣችው ደንብ ደግሞ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች በ2030 ከሚጓዙት ርቀት 90 በመቶው በኤሌክትሪክ እንዲሆን ወስናለች። ግዴታው በሾፌሩ ትከሻ ላይ ከወደቀ፣ ጣቢያው ከደጁ ካልደረሰ፣ የዚህ ሸክም ፍትሐዊነቱ የቱ ላይ ነው?

ከዚህም የረቀቀ ሌላ ነገር አለ። ተመላሽ ክፍያ ማለት ስሙ እንደሚለው የሚመለስ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ከኪስህ አውጥተህ ትተክላለህ፤ ደረሰኝህን ታቀርባለህ፤ ከዚያ በኋላ ይመለስልሃል። ስለዚህ ዕድሉን የሚያገኘው አስቀድሞ የሚያወጣው ገንዘብ፣ የራሱ ቦታና ማመልከቻ የሚጽፍለት ባለሙያ ያለው ነው። የአንድ ደሃ ሰፈር ነዋሪዎች ተሰባስበው «እኛም እንትከል» ቢሉ ሕጉ አይከለክላቸውም፤ ኪሳቸው ግን ይከለክላቸዋል። እዚህ ላይ ማንም ባለሥልጣን ለማንም አላደላም፤ ማንም ጉቦ አልበላም። የአከፋፈሉ መልክ ራሱ መርጦ ጨርሷል። በእኔ እምነት የዘመናችን ትልቁ አድልዎ እንዲህ ያለው ነው፤ ፊርማ የሌለበት፣ ተከሳሽ የማይገኝለት አድልዎ።

ለመሆኑ «የሕዝብ» ማለት ምን ማለት ነው?

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። መንግሥት ለባለሱቁ የሰጠው ገንዘብ ምንድን ነው? ሦስት መልስ ሊኖረው ይችላል፤ ስጦታ፣ ግዢ ወይም አደራ።

ስጦታ ነው እንዳንል፣ ሰው ስጦታ የሚሰጠው ከገዛ ገንዘቡ ነው። ሹም የያዘው ገንዘብ የእርሱ አይደለም፤ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ የሊስትሮውም፣ የባለፎቁም ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ ቸር መሆን አይቻልም። ግዢ ነው እንዳንል ደግሞ ገዢ የገዛውን ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ቻርጀሩም፣ መሬቱም፣ ትርፉም በባለሱቁ እጅ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀረው አንድ መልስ ነው፤ አደራ። የሕዝቡ ድርሻ በዚያ ምሰሶ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለሱቁ ደግሞ የራሱን ድርሻ እንደ ባለቤት፣ የሕዝቡን ድርሻ እንደ ባለአደራ ይዞታል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በመዲና የነበረውን የሩማን ጉድጓድ ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ውኃው በግለሰብ እጅ ነበር፤ የሚቀዳ ሁሉ ይከፍል ነበር። ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) ከገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ለሙስሊሞች ወቅፍ አደረጉት። በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የከፈሉት ገንዘብ ብዛት አይደለም። ከከፈሉ በኋላ የእርሳቸው ባልዲ ከማንም ባልዲ እኩል መሆኑ ነው። ጉድጓዱን የሕዝብ ያደረገው የተከፈለው ዋጋ ሳይሆን የባልዲዎቹ እኩልነት ነው። ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ የዘመናችን አንዳንድ ጸሐፍትም እሳት የሚለውን ወደ ኃይል ምንጮች ሁሉ ያሰፉታል። ትርጓሜውን ለዑለሞች ትተን ቁም ነገሩን ብቻ ብንይዝ እንኳ፣ የሕዝብ ገንዘብ ገብቶበት የሕዝብ ባልዲ የማይገባበት ጉድጓድ የሕዝብ ሊባል አይችልም።

ከዚህ ተነስተን አንድን ነገር የሕዝብ የሚያሰኙትን መለኪያዎች ማስቀመጥ እንችላለን። አንደኛ፣ ማን ሊባረር ይችላል? በሆቴል ግቢ ውስጥ ተተክሎ ዘበኛው «እንግዳ ብቻ ነው የሚገባው» የሚልበት ቻርጀር፣ ወረቀቱ ምንም ቢል የሕዝብ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ ይታያል ወይ? ሾፌሩ ከሰካ በኋላ የሚደነግጥበት ዋጋ ዋጋ ሳይሆን ወጥመድ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ በተለይ ቀልድ አይደለም። በ2022 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያሉበት ቡድን በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ 657 የፈጣን ቻርጀር መሰኪያዎችን አንድ በአንድ ሄዶ ሲፈትሽ፣ ይሠሩ የነበሩት 72.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስክሪኑ የጠፋ፣ የክፍያ ማሽኑ የማይሠራ፣ ኬብሉ የማይደርስ ነበረበት። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ገንዘቡ የተመለሰው ለመትከል ነው፤ ለማሠራት አይደለም። ሰው የሚከፈልበትን ይሠራል። ለተከላ ብትከፍለው ይተክልልሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእርሱ ጉዳይ አይደለም። አደራ የተረከበ ሰው ግን አንድ ቀን ተረክቦ አይጨርስም፤ እስኪመልስ ድረስ በየቀኑ ባለአደራ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ይህን ተረድቶ ይመስላል፣ በ2023 ባወጣው ደንብ በእርሱ ገንዘብ የሚተከል እያንዳንዱ መሰኪያ በዓመት ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነውን ጊዜ እንዲሠራና ጣቢያው ቢያንስ ለ5 ዓመት በዚህ ደረጃ እንዲጠበቅ አዘዘ።

ነጋዴውም የሚናገረው አለው

እዚህ ላይ ባለሱቁ ቢናገር እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ፣ መሬቱ የእኔ ነው። ቀሪውን ወጪ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መኪናው ባይመጣ የምከስረው እኔ ነኝ። ግዴታውን ካበዛችሁብኝ ገንዘባችሁን ያዙት፤ እኔም አልተክልም።» ይህ ንግግር የስግብግብ ንግግር አይደለም፤ እውነት አለበት። ግዴታ ሲበዛ ሥራ ይዘገያል። ያ የ2021 የአሜሪካ ሕግ በፊርማ ከጸደቀ በኋላ በ5 ቢሊዮኑ ገንዘብ የመጀመሪያው ጣቢያ ኦሃዮ ውስጥ የተከፈተው በዲሴምበር 2023 ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጭሱ አልቆመም። ፍትሕን ፍለጋ ስንዘገይ፣ የዘገየንበትን ዋጋ የሚከፍለውም ያው የመንገድ ዳር ድሃ ነው። ይህን ሳያነሳ ስለ ፍትሕ የሚናገር ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

ስለዚህ መፍትሔው ግዴታዎችን ማብዛት አይመስለኝም። ግዴታዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ነገር ግን የማይታለፉ ይሁኑ። ክፍት ይሁን፤ ይሥራ፤ ዋጋው ይታይ። እነዚህ ሦስቱ ከመክፈል በፊት ይነገሩ እንጂ ከተከፈለ በኋላ አይጨመሩ፤ አውቆ የተዋዋለ ሰው ተበደልኩ አይልምና። ከተመላሹም ገንዘብ ከፊሉ በተከላ ቀን ሳይሆን በሠራበት ዓመት ልክ ይከፈል። በሌላ በኩል አቅም የሌለው ማኅበር ከሆነ ከፊሉ አስቀድሞ ይሰጠው። ሀብታሙን ነጋዴ ደረሰኝ መጠበቅ አይጎዳውም፤ ድሃውን ግን ከበሩ ይመልሰዋል።

ሌላ ክርክርም አለ። «በድሃ ሰፈር ብትተክሉት መኪናው ስለሌለ ያለ ሥራ ይቆማል፤ ይህስ ብክነት አይደለም ወይ?» ይባላል። ልክ ነው፤ ማንም የማይሰካበት ምሰሶ ለድሃ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን በድሃ ስም የባከነ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያሳየው መለኪያው የተሳሳተ መሆኑን ነው። መለኪያው «ስንት መኪና ያለው ሰው በአካባቢው አለ?» ከሆነ ገንዘቡ ምንጊዜም ወደ ባለጠጋው ይፈሳል። መለኪያው «በዚህ ምሰሶ ስንት ጭስ ይቀራል?» ከሆነ ግን መልሱ ይለወጣል። በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቶ ከሚያቆመው የቤት መኪና ይልቅ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከረው ታክሲ፣ የሕዝብ አውቶቡስና የጭነት መኪና ይበልጣሉ። እነዚህ የሚያድሩትና የሚያልፉት ደግሞ በአብዛኛው በድሃው ሰፈር ነው። የሁለቱ ወገኖች ክርክር የሚታረቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቃል ገብቶ ስለ ማጠፍ

ከአደራ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቃል ነው። በፌብሩዋሪ 2025 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የክፍለ ግዛቶቹን የቻርጅ ጣቢያ ዕቅድ አጠቃላይ ማጽደቂያ አገደ። የተወሰኑ ክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በጁን 2025 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ለ14 ክፍለ ግዛቶች ገንዘቡ እንዲለቀቅ ትእዛዝ ሰጡ፤ በኦገስት አስተዳደሩ ሁኔታዎቹን ያቃለለ አዲስ መመሪያ አውጥቶ ፕሮግራሙን እንደገና ቀጠለ። ፖሊሲው ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለውን ለባለቤቶቹ እንተወው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን የእኛም ነው። መንግሥት «ከወጪህ ይህን ያህሉን እመልስልሃለሁ» ባለ ጊዜ ያን ቃል አምኖ ከባንክ የተበደረ፣ አስፋልት የቆፈረ፣ ትራንስፎርመር ያዘዘ ሰው አለ። ሹም ቢለወጥ ውል አይለወጥም። ባለሱቁን «አደራ በልተሃል» ብለን የምንጠይቅበት አንደበት፣ መንግሥትን «ቃል አጥፈሃል» ለማለት ካልደፈረ ፍትሑ አንድ ዓይና ነው።

ወደ ደጃችን

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር። ቀጥሎም የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያን ግድብ ከደመወዙ ቆርጦ፣ ቦንድ ገዝቶ የሠራው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መኪና ያለውም የሌለውም ነው። ይሁን እንጂ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም በቤቱ መብራት የለውም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ነው ያሰኛል።

ያልተሰበሰበ ቀረጥ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ስሙ ተመላሽ ክፍያ ባይባልም ትርጉሙ ያው ነው፤ የሁሉም የሆነው ካዝና መኪና ለሚገዛው ሰው ሲል ተወው። ይህ በራሱ በደል ነው አልልም። የዳነው ዶላር መድኃኒትና ማዳበሪያ የሚገዛ ከሆነ ሚኒባስ የሚጠብቀውም ተጠቃሚ ነው። የምጠይቀው ግን ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ባልዲው እኩል ነው ወይ?

በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር አንድ ጎረቤታችን ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ኬብል አውርዶ መኪናውን ሲሞላ አያለሁ። ታች ያሉት እናቶች «ልጆቻችንን እሳት ሊያቃጥልብን ነው» ይላሉ። እርሱም «ታዲያ የት ልሰካ?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ መኪናው ከሶኬቱ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ነገ በየመንገዱ ጣቢያ የሚተክሉ ነጋዴዎች ይበዛሉ፤ መሬት በቅናሽ፣ ቀረጥ በነፃ፣ ብድር በልዩ አስተያየት ይጠይቃሉ። ቢሰጣቸው አልቃወምም። ነገር ግን ከመሰጠቱ በፊት ይጠየቁ፤ ጣቢያው ለታክሲውና ለራይዱ ክፍት ነው? ሲበላሽ በስንት ቀን ይጠገናል? ዋጋው የት ይለጠፋል? አጠገቡ ያለው ሰፈር ትራንስፎርመሩ ሲከብደው የሚጨልመው የማን ቤት ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ ማንም እንዳይዘለው። ለአንድ መኪና ኃይል ሲሞላ የአንዲት እናት ምጣድ የሚበርድ ከሆነ፣ የተከልነው ጣቢያ ሳይሆን ቅሚያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ቻርጀር የአውቶቡሱ፣ የሚኒባሱና የታክሲው ይሁን፤ የቤት መኪናው ተራውን ይጠብቅ።

ለማጠቃለል ያህል፣ መንግሥት የሕዝብን ገንዘብ በግል ሰው ደጅ ላይ ማዋሉ በራሱ ነውር አይደለም። የጋራ ጥቅም ያለበትን ሥራ ማንም ብቻውን የማይደፍረው ከሆነ እንዲያውም ግዴታው ነው። ነውር የሚሆነው የገባው ገንዘብ የሁሉም፣ የወጣው ጥቅም የጥቂቶች ሲሆንና ይህም «ለአየር ንጽሕና ነው» በሚል መልካም ስም ሲሸፈን ነው። መልካም ስም ያለው በደል ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚቃወመው ሰው የመልካም ነገር ጠላት ይመስላልና። እኛ ደግሞ ንጹሕ አየርንም ፍትሕንም አንድ ላይ እንጠይቅ፤ አንዱ የሌላው ዋጋ እንዲሆን ማንም አላዘዘንም።

ባለሱቁም፣ ሹሙም፣ ባለመኪናውም በእጁ ስላለው አደራ የሚጠየቅበት ቀን እንዳለ አንርሳ። አላህ አደራን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።